ሦስት ሜትር ከሩብ

መጀመሪያ ሽቦው ከቆርቆሮው በታች፣ በኮርኒሱ መሀል
ከአይጥ ጋር ያድር ነበር። ለዝናቡ ብዬ ነው፤ ጂማ ነው፣ ይዘንባል።
ሬዲዮኑን ስከፍት ዓለም መች ሊመጣ፤
የእትዬ ዘሀራ ፍሪጅ ነው የሚያጓራው፣ ግድግዳ አልፎ የወጣ፣
የመንገዱ ትራንስፎርመር፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቻርጀር፣
የተበላሸ ፓውዛ ጥርሱን እያፋጨ ከኔ ጋር ሲያመሽ፣ ሲያድር።

«ሽቦህ ቤት እየዋለ ነው፣» አለ ነዚፍ፣ ጣራዬን አየና።
«ቤት የዋለ ጆሮ የቤት ወሬ እንጂ ሌላ ምን ያውቅና?»

ከሂርማታ ገበያ ሁለት አጣና ገዝተን፣ በጋሪ አስጭነን፣
«ድንኳን ልትተክሉ ነው? ማን ሞተ?» እያለ መንገደኛው ሲያስቆመን፣
ሦስት ሜትር ከሩብ አቆምነው፤ ከጣራው ጫፍ ጥቂት ዘለቅ፣
ከፓፓያው ቅጠል በላይ፣ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ዝቅ።

ያን ማታ አደሎ መጣ፤ ከቦንጋ፣ ከጎጀብ ማዶ ቆሞ፣
እያሳለ፣ ከሰላምታው በፊት ሳሉን አስቀድሞ።
ስለ ማሩ ነገረኝ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ጎጀብ ውሃ መሙላት፣
ስለ ልጁ አለማግባት፤
እኔም ስለ ጉልበቴ።
ሁለት ሽማግሌ፣ በሰባት ሜጋኸርዝ፣ ወግ ስንሰልቅ በዝናብ ሌሊት።

ግን ሰው ነኝ። ጆሮ ሲከፈት ይስገበገባል እንደ ሆድ።
ጃፓን አለ፣ ብራዚል አለ፤ ቦንጋን ብቻ ማን ይወድ?

ነዚፍ በጣቱ አሳየኝ፣ ጭቃው ላይ መስመር አስምሮ፦
ዝቅ ያለ ሽቦ፣ አለ፣ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ዕድሜውን አንጋጦ ኖሮ፤
ከአናቱ የወረደለትን ይቀበላል፣ የቅርቡን፣ የጎረቤቱን።
ከፍ ያለው ግን አድማስ ያያል፣ ወደ ዳር አዙሮ አንገቱን።
የሞገዱን ግማሽ ያህል ከመሬት ከራቀ ወዲያ
ሩቅ አገር በአግድም ይመጣል፤ ቅርቡ ያጣል መግቢያ።
ይህችን መጨረሻዋን አልሰማሁም፤ ሩቅ አገር ሲል ልቤ ሄዷል።
በነጋታው ብረት ገዛን፤ የጡረታዬ ግማሽ ወርዷል።

ሃያ ሜትር ቧንቧ ቆመ፣ በስድስት ገመድ ተወጥሮ፤
እትዬ ዘሀራ ወጡ፦ «መብረቅ ልትጠራብን ነው? ምነው፣ የለህም አእምሮ?»
«አይጠራም፣» አልኩ። ግን ደመናው ከጅሬን በኩል ሲያጉረመርም
ሽቦውን ነቅዬ በመስኮት ስወረውር፣ ቀና ብዬ እሳቸውን አላይም።

ከዚያማ ዓለም ጎረፈ። ጃፓን በእኩለ ሌሊት፣
ብራዚል ሊነጋጋ ሲል፤ መርከብ ላይ ያለ ሰው፣ ስሙን ሦስቴ በፍጥነት።
የዘሀራ ፍሪጅ እንኳን ቀረ፤ ከሰፈሩ ጫጫታ በላይ ወጣሁ።
የጎረቤት ልጆች ካርዶቼን አይተው «ይሄ የት ነው?» ሲሉኝ ኮራሁ፤
በረዶ የጫነ ተራራ፣
ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው፣ ከትልቅ ውሻው ጋራ።
ሁሉም አንድ ነገር ይላል፦ መጠሪያውን፣ የድምፄን ነጥብ፣ ደህና ሁን።
አምስት ዘጠኝ፣ አምስት ዘጠኝ። ማንም አልጠየቀኝ ጉልበቴን።

ቦንጋ ግን ጠፋች። ሰባት ቀን፣ ስምንት ቀን፣ በሰዓቱ ስጠብቅ፣
ከሹክሹክታው ወለል በታች፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ ሩቅ፣
አንድ ሳል ሰማሁ። አንድ ብቻ። ቃል አልተከተለውም።
«አደሎ፣ እሰማሃለሁ!» አልኩ። ውሸቴን ነው። አልሰማሁትም።

ጠዋት ነዚፍን ጠራሁት። «ምን ያህል እናውርደው?» አለ፣
ገመዱን በእጁ እንደያዘ፤ መልሴን ቀድሞ ያወቀ መሰለ።
ረገብ አደረግነው፣ ረገብ፣ ረገብ፣ ከዶሮ ቤቱ አናት እስኪደርስ።
እትዬ ዘሀራ «እሰይ!» አሉ። ጃፓን በመጣችበት ሄደች፤ አልጠበቅኳትም እንድትመለስ።

ፍሪጃቸው ግን ተመለሰ፣ ያው እያጓራ፣ ግድግዳ ጥሶ።
በእሱ ጉርምርምታ መሀል፣ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ደርሶ
መጀመሪያ ሳሉ መጣ።
ቀጥሎ፦ «አንተ፣ የት ጠፋህ? ጉልበትህስ?»

«ከፍ ብዬ ነበር፣» አልኩት።